ቅሉን ያቃጠልንበት ሥልጠና

ድህነት የአመለካከት ችግር ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው። አሶሳ ውስጥ በሐምሌ ወር ንጹሕ ጫማ ያደረገ ሰው ከአስፋልት ያልወረደ ሰው ነው። በዚህ መለኪያ ስንቱን የስብሰባ ተናጋሪ በልቤ ሳሾፍበት ኖሬያለሁ። ያሾፍኩበትን ሥራ ራሴ ስሠራው፣ ከሁሉም የከፋ አድርጌ እንደምሠራው ግን አላሰብኩም ነበር።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ለማስተማር ተመድቤ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። የማስተምረው ሥነ ልቦና ነው። አንድ ቀን በገጠር ልማት የሚሠራ የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ ወፍራም መመሪያ ይዞ ቢሮዬ መጣ። የአመለካከት ለውጥ ሥልጠና መመሪያ ነው፤ የገጠሩ ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ሲለወጥ ኑሮውም ይለወጣል የሚል። አገላበጥኩት። ከሌላ አገር ተተርጉሞ የመጣ ነገር ነው። ገበሬው ድፍረት እንዲማር የቀረበለት ምሳሌ በረዶ ላይ እየወደቀ እየተነሳ መንሸራተት ስለሚማር ሰው ነበር።

«ይህን የበርታ ሰዎች መንደር ወስዳችሁ ብታነቡት ሰው ይስቅባችኋል» አልኩት።

«እንግዲያውስ መምህር፣ አንተ አስተካክልልን። ካንተ የተሻለ ማን አለ?»

ተቺን ለመያዝ ከዚህ የቀለለ ወጥመድ የለም። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ መመሪያውን እንደገና ጻፍኩት።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ውሸት አልነበረም። ሞክሮ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው መሞከር እንደሚያቆም አውቃለሁ፤ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። በሩ ተከፍቶም ተቀምጦ ይቀራል። ይህ እውነት ነው። እኛ የሥነ ልቦና ሰዎች የማንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የተቀመጠው ተስፋ ቆርጦ ነው ወይስ ከበሩ ውጭ ያለውን ከእኛ በተሻለ ስለሚያውቅ? እኔም ሳልጠይቅ ጻፍኩ። በረዶውን አወጣሁና ቦታው ላይ የአካባቢውን ኑሮ አስገባሁ። አሁን ሳስበው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ሰው ቢቀር ማንንም ባልጎዳ ነበር።

መንደሩ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከመኪና ተወርዶ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር፤ በሚያዝያ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ በአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ሁሉም ሼኽ እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ተቀመጠ። የሚያስተረጉምልኝ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነበር፤ እሱም የበርታ ልጅ ነው። ብዙዎቹ ሴትና ወንድ ባይለይም የሚያግባባ አማርኛ አላቸው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ በእነሱ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። አመለካከቱ ሊለወጥ የታሰበው ግን የእነሱ ነበር።

ያን መንደር የሚያኖረው ደቦ ነው። እነሱ የራሳቸው ስም አላቸው፤ ነገሩ ግን ያው ደቦ ነው። ማሽላ ሲታረምና ሲታጨድ ሁሉም በተራ የሁሉንም ማሳ ይሠራል። ባለ ማሳው በዚያ ቀን ገንፎና የባሚያ ወጥ ያቀርባል፣ መጠጥ በቅል ያዞራል። ተራው የሚወጣው ዝናብ ሳይጥል በሽማግሌ ፊት ነው፤ ባል የሞተባትና የታመመ ሰው ማሳ ይቀድማል።

እኔ ታዲያ ይህን «የአካባቢውን ሁኔታ ያገናዘበ ምሳሌ» አደረግሁት። በትልቅ ወረቀት ላይ መሰላል ሣልኩ። ታችኛው ደረጃ ላይ ደቦን አስቀመጥኩ፤ ላይኛው ላይ ራስን መቻልን። አንድ ሰው በሰው ማሳ ላይ የሚያጠፋውን ቀን፣ ለገንፎ የሚወጣውን እህል፣ ሰው እስኪሰበሰብ የሚያልፈውን ጊዜ እየደመርኩ፣ «ይህን ሁሉ በራሳችሁ ማሳ ላይ ብታውሉት የት ትደርሱ ነበር?» አልኩ።

ሼኹ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። «ሒሳቡ ትክክል ነው» አለ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን አወጣ። «የታመመ ቀንስ? እሱ የት ተቆጠረ?»

«ለዚያ ቁጠባ አለ» አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

በሁለተኛው ቀን አስተባባሪው መጥቶ አንድ ነገር እንድናገርለት ጠየቀኝ። ከመንደሩ አንድ ሞዴል ገበሬ ይመረጣል፤ አሮጌውን አሠራር በሕዝብ ፊት የተወ ሰው ምርጥ የማሽላ ዘርና ፀረ አረም ከነመርጫው ያገኛል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ብቻውን ረጭቶ ይጨርሳል፤ የሃያ ሰው እጅ አያስፈልግም። «በእርግጥ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ተፈቅዷል» አለኝ። እኔም ይመጣል ብዬ በራሴ አፍ ተናገርኩ።

ፊት ከተቀመጡት መካከል ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመት የማይሞላት ሴት ነበረች። ሦስት ጥያቄ ጠየቀች፤ ሦስቱም ስለ ፀረ አረሙ። ማሽላውን ይጎዳል? ዝናብ ያጥበዋል? መቼ ይመጣል? ልጇ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከመንደሩ ሴት ልጆች እዚያ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ናት። ደቦ ተራ ሲደርስ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ይወጣል፤ እናትየዋ ብቻዋን ስለሆነች ልጅቷ ከትምህርት እየቀረች አብራት ትወጣለች። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ሴትዮዋ እኔን አልሰማችም፤ አሰላች እንጂ። ፀረ አረሙ ከመጣ የሰው እጅ አትበደርም፤ ልጅቷም የሰው ተራ ለመክፈል ከትምህርት አትቀርም። የያዘችው ስሌት ከእኔ ወረቀት ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ አንዱን ቁጥር የሰጠኋት እኔ ስለሆንኩ ነው የተበላሸው።

ሦስተኛው ቀን የእኔ ፈጠራ ነበር። መመሪያው ሰው አሮጌ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያቃጥል ያዝዛል። ብዙው ሰው ስለማይጽፍ፣ እያንዳንዱ አሮጌ አስተሳሰቡን የሚያስታውሰውን ዕቃ ይዞ ይምጣ አልኩ። እሳት ተነደደ።

አንዱ ያለቀ መቆፈሪያውን ይዞ ቀረበ። ሚስቱ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «እሱን ካቃጠልክ በምን ልትቆፍር ነው? በአመለካከት?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት አሮጊት ጋያዋን ይዛ መጣች፤ ትምባሆ የምታጨስበትን ባለ ቅል ዕቃ። ወደ እሳቱ ስትጠጋ ጩኸት ሆነ። «አልጥለውም» አለች። «ላሳያችሁ ብቻ ነው።» ተመልሳ ተቀመጠችና ለኮሰችው።

ከዚያ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ተነሳች። የያዘችው ሰፊ ቅል ነበር፤ ለደቦ ሠራተኛ መጠጥ የምታዞርበት፣ አፉ በእጅ ብዛት ያበራ። በቋንቋዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና እሳቱ ላይ አስቀመጠችው።

የሳቀ የለም፣ ያጨበጨበ የለም። ቅሉ ሲሰነጠቅ ይሰማ ነበር። የፕሮጀክቱ ሰው ፎቶ አነሳ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ጥልቅ የስሜት ንክኪ» ብዬ ጻፍኩ።

አስተርጓሚው የተናገረችውን አልተረጎመልኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሞዴል ገበሬ ሆና የተመረጠችው እሷ ነበረች፤ ሰኔ ላይ ዘሩ መጣላት። በመስመር ዘራች። ፀረ አረሙ አልመጣም። ሐምሌ ላይ አስተባባሪውን ጠየቅሁት፤ ግዥው ሂደት ላይ ነው አለኝ። በነሐሴ መጀመሪያ ለክትትል ተላክሁ፤ የሚፈለገው የማሳው ፎቶ ነበር። መንደሩ ስደርስ በየማሳው ሃያ ሃያ ሰው እየዘፈነ ያርማል። የእሷ ማሳ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እናትና ልጅ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው። ሩቡን አርመዋል። የቀረው ማሳ ላይ ማሽላው የት እንዳለ ለማየት መጎንበስ ያስፈልጋል።

ሰላምታ አላስቀደመችም። «መድኃኒት መጣ?»

«ሂደት ላይ ነው።»

«ሂደት የት ነው? ሩቅ ነው?»

ፌዝ ይሁን ጥያቄ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። ሰዎቹ ለምን እንደማያግዟት ጠየቅሁ። እጇን ከጭቃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ ተናገርኩ። አንተ ጻፍክ። እሳት በላ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ያ እኮ ሥልጠና ነበር» አልኩ። «ምሳሌ ነው።»

«ሼኽ ተቀምጦ ነበር» አለች። ለእሷ ይህ በቂ መልስ ነበር፤ በሼኹ ፊት የተነገረ ቃል ምሳሌ አይባልም። ከዚያ ልጅቷን በአገጯ አመለከተች። «ልጄ መስከረም ስምንተኛ ይገባል። እህል ከሌለ አይገባም።»

ወደ ሼኹ ቤት ስሄድ በመንገድ ላይ አስተርጓሚው ያንን ቀን ያልተረጎመልኝን ነገረኝ። እያንዳንዱ ቤት ለደቦ ቀን ብቻ የሚወጣ ቅል አለው። ከእሱ የጠጣ ሰው ለዚያ ቤት እጁን አበድሯል፤ ያ ቤትም ለእሱ። ሴትዮዋ ቅሉን ስታቃጥል ያለችው ይህን ነበር፤ «ከእናንተ እጅ አልፈልግም፤ ከእኔም አትፈልጉ።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«መምህር፣ አንተ ደስ ብሎህ ነበር» አለኝ። «ደግሞ የጻፍከው አንተ ነህ። አውቀህ መስሎኝ።»

ሼኹ ምንጣፉን አስፍቶ አስቀመጠኝ፣ የከርከዴ ሻይ አስመጣልኝ። የመንደሩ ሰዎች በሴትዮዋ እንደተቆጡ፣ እየቀጧትም እንደሆነ ገምቼ የማግባቢያ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አላስጨረሰኝም።

«ማን ተቆጣ? እሷ ትልቅ ሰው ነው። ተናገረ። እኛ ማሳው ብንገባ፣ እሷ ውሸታም ነው ማለት ነው። እናከብራለን።»

«ግን ማሳዋ እየጠፋ ነው።»

«እናያለን። ዓይን አለን።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቀላል ነው። የሰማ ሰው ሁሉ ይመጣል፣ እዚያው ዛፍ ሥር። እሷ ቃሉን ይመልሳል። ያናገረው ሰውም ይመልሳል።»

«ያናገራት… እኔ?»

«አንተ አልነበርክም?» አለ ሼኹ። «ረጅም ሰው ነበር። አንተን ይመስላል።»

አስተርጓሚው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሼኹ ግን አልሳቀም። «ዓርብ ና። ከጁምዓ በኋላ። ቅዳሜ ማሳው ይታረማል።»

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ዓርብ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ቃል።

በዚያው ዓርብ ፕሮጀክቱ አሶሳ በአንድ ሆቴል የግምገማ ስብሰባ ነበረው። የምርጥ ተሞክሮ አቅራቢ እኔ ነበርኩ፤ ተሞክሮው ደግሞ ሴትዮዋ። አልመጣም ማለት እችል ነበር፤ ማንም አያስረኝም። አንድ ሳምንት ምን ይለዋል ብዬ ለግብርና ባለሙያው ደወልኩና ለሚቀጥለው ዓርብ አሸጋገርኩት። የማይመለከተኝን ሁሉ ስተች የኖርኩ ሰው፣ የሚመለከተኝን አንድ ነገር መናገር በሚገባኝ ቀን አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ይዤ ቆምኩ። ቅሏን እሳት ላይ ስታስቀምጥ የሚያሳየው ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ነበር። ሰው አጨበጨበ። አንዱ ስለ ዘላቂነቱ ጠየቀ። «ክትትል እየተደረገ ነው» አልኩ፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ውሸት ሳልናገር መዋሸት ስለቻልኩበት ያን ቀን ራሴን አደነቅሁት ማለት ይቻላል።

በሚቀጥለው ዓርብ ዝናቡ ወንዙን ሞላው፤ መኪናችን ከመንገድ ተመለሰች። በሦስተኛው ዓርብ የባምባሲ መኪና ተሳፍሬ፣ ወርጄ በእግሬ ገባሁ።

ሁሉም ተሰብስበው ነበር። ባለፈው ዓርብም እንዲሁ ተሰብስበው እንደነበር ማንም አላነሳብኝም። ተነሳሁና ጀመርኩ። «ከሥነ ልቦና አንጻር፣ አንድ ሥልጠና የሚሰጥበት ዓውድና የማኅበረሰቡ…»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «መምህር፣ ይሄን ልተርጉመው?»

«ተወው» አልኩ። «ተሳስቻለሁ በልልኝ። ደቦውን ሳላውቀው አጣጣልኩት፣ የማላመጣውን ነገር ይመጣል አልኩ፤ እሷ በእኔ ምክንያት ተናገረች።»

ተረጎመ። ከእኔ ይልቅ ረዘመ፤ የጨመረውን አላውቅም። ሴትዮዋ ተነሳችና ቃሏን መለሰች። ባለ ጋያዋ አሮጊት ከቤቷ ሌላ ቅል አስመጥታ ሰጠቻት። «ይሄንን ደግሞ እንዳታስተምረው» አለችኝ በአማርኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ምንም የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ ግን አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሃያ ስድስት ሰው ማሳዋ ገባ። ከቀትር በፊት ጨረሱ። ዳር ቆሜ አየሁ። አረሙ ተነቅሎ ሲወጣ ማሽላው ታየ፤ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ከጎረቤቱ ማሳ በግማሽ ያጠረ። አንዱ ገበሬ አንድ አገዳ በሁለት ጣቱ ይዞ ለጓደኛው የሆነ ነገር ነገረው። አስተርጓሚውን ምን እንዳለ ጠየቅሁት።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋና ልጇ የቀረውን የሁሉንም ሰው ተራ ወጡ። ደንቡ ነው፤ አንድ ቀን ቢሆንም እጃቸውን ተቀብላለች። የራሷ ማሽላ ባዶውን ቆሞ የሰው ማሽላ ስታርም፣ ስታጭድ ከረመች። መስከረም ላይ ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ተመዘገበች፤ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ትገባ ነበር አሉ።

ለፕሮጀክቱ እውነተኛውን ዘገባ ጻፍኩ። አስተባባሪው አነበበውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «መምህር፣ ይሄ አሉታዊ አመለካከት ነው» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። ፀረ አረሙ ኅዳር ላይ ደረሰ፤ ማሽላው ሲታጨድ። የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሄድኩ። የላከኝ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ እህሏን ለብቻ ለብቻ አድርጋ ነበር፤ ለዘር የሚቀረው አንድ ጥግ፣ የሚበላው ሌላ ጥግ። የሚበላው እስከ የካቲት ቢደርስ ነው። ልጅቷ ከጎኗ ተቀምጣ በሰፌድ ታበጥራለች።

«እህል ልግዛላችሁ» አልኩ። በመንገድ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበር።

«ለከርሞስ?» አለች።

እጇን በእህሉ ውስጥ አስገብታ አወጣች።

«አንተ ከተማ ትኖራለህ» አለች። «ሰው ታውቃለህ። ልጄ አሶሳ ሰው ቤት ይገባል፤ ሥራ ይሠራል። ቤት ፈልግ። የማይመታ ቤት።»

ልጅቷ ሰፌዱን አላቆመችም። እኔ ጋ መጥታ ትማር ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ብቻዬን የምኖር ወንድ ነኝ፣ እናትየዋም ያንን አልጠየቀችኝም። ይመጣል፣ ይሆናል የሚል ቃል ደግሞ ከእኔ አፍ ከዚህ በፊት ሰምታለች። የጠየቀችኝ ልሠራው የምችለውን ብቻ ነው። የትኛው ባልደረባዬ ሚስት ሠራተኛ እንደምትፈልግ፣ የትኛዋ እንደማትማታ በእርግጥ አውቅ ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳት። «አንድ ቤት አለ።»

«የማይመታ?»

«የማይመታ።»

«ማታ ትምህርት ይልካል?»

«እጠይቃለሁ።»

«አትጠይቅ» አለች። «ካልላከ ሌላ ቤት ፈልግ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች፤ ልብሷን ስታጣጥፍ ከውጭ ይታየኝ ነበር።